ፕሬፕ እየወሰዱ ሲመረመሩ ውጤቱ እንዴት ይነበባል?

እንደምን ዋላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የምክር አገልግሎት ሰጪዎች እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ፕሬፕን፣ ማለትም ኤችአይቪን አስቀድሞ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ራሳችሁ የምትወስዱም ሳትኖሩ አትቀሩም። እጅ አውጡ አልልም። ንግግሬን ያሰናዳሁት ለሁላችሁም ስለሆነ፣ ለባለሙያው የቀለለ ነገር ሲመጣ ትንሽ ይታገሰኝ።

በጣም ከተለመደው ጥያቄ ልጀምር። "ፕሬፕ እየወሰድኩ ብመረመር መድኃኒቱ ራሱ ፖዘቲቭ ያስብለኛል ወይ?" አያስብልም። በየጤና ጣቢያው ያሉት ፈጣን መመርመሪያዎች መድኃኒት አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሰውነታችን ቫይረሱን ሲያገኝ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲውን ነው። ክኒኑ ይህን አያስመርትም። በመርፌ የሚሰጠው ፕሬፕም አያስመርትም። በኤችአይቪ ክትባት ሙከራ የተሳተፈ ሰው ቫይረሱ ሳይኖርበት አንቲቦዲ ሊገኝበት ይችላል፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ትንሽ ይከብዳል። "ቫይረሱ እያለብኝ መድኃኒቱ ኔጌቲቭ ሊያስብለኝ ይችላል?" አዎ፣ አልፎ አልፎ ይችላል። ሦስተኛም ጥያቄ አለ፤ እሱን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ እኔ ግን አብልጬ የምፈራው እሱን ነው። ፕሬፕን በደንብ የሚወስድ ሰው አንድ ቀን "ፖዘቲቭ ነህ" ቢባል፣ ያ ውጤት ምን ያህል ይታመናል?

እንግዲህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱን። አንዱ "ኔጌቲቩን ቶሎ አትመኑ" ይላል። ሌላው "ፖዘቲቩንም ቶሎ አትመኑ" ይላል። ወረቀቱን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ባለሙያ መሃል ላይ ይቀራል። ከዚያ የሚያወጣው ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው። ሰውየው መድኃኒቱን መቼ ወሰደ? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተጋለጠ? የተመረመረውስ በምን ዓይነት መመርመሪያ ነው?

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት መድኃኒቱ ምን እንደሆነ በአጭሩ። ፕሬፕ ቫይረሱ የሌለበት ሰው ከመጋለጡ በፊት የሚወስደው መከላከያ ነው። የቆየው ዓይነት ቴኖፎቪርንና ኤምትሪሲታቢንን የያዘ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመከላከያነት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር። በእኛ ሀገር አገልግሎቱ ሲጀመር ትኩረቱ በወሲብ ንግድ በሚተዳደሩ ሴቶች ላይና አንዳቸው ቫይረሱ ባለባቸው፣ ሌላኛቸው በሌለባቸው ጥንዶች ላይ ነበር። ከክኒኑ በኋላ መርፌዎች መጡ። ካቦቴግራቪር በየሁለት ወሩ ይወጋል፤ በአሜሪካ በ2021 መጨረሻ ተፈቀደ። ሌናካፓቪር በየስድስት ወሩ ነው፤ በሰኔ 2025 ተፈቀደ። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገው ጥናት ሌናካፓቪር ከወሰዱት 2,134 ሴቶች መካከል አንዲትም ቫይረሱ አልያዛትም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ፖዘቲቭ ውጤት ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

አሁን ስለ ምርመራ። መጀመሪያ ምንም መድኃኒት የማይወስድ ሰው እናስብ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ገደማ የትኛውም ምርመራ አያገኘውም። ከዚያ መጀመሪያ የሚታየው የቫይረሱ ዘረመል፣ አርኤንኤው ነው። ቀጥሎ ፒ24 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ይመጣል። አንቲቦዲ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ከተጋለጡ በኋላ እያንዳንዱ ምርመራ ቫይረሱን ለማግኘት የሚወስድበትን ጊዜ የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በቁጥር አስቀምጦታል። የአርኤንኤ ምርመራ ከ10 እስከ 33 ቀን። ከደም ሥር በተቀዳ ደም በላቦራቶሪ የሚሠራው፣ አንቲጂንን፣ ማለትም ፒ24ን፣ ከአንቲቦዲ ጋር አብሮ የሚያየው ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን። አንቲቦዲ ብቻ የሚያየው፣ በየጤና ጣቢያው ጣት ተወግቶ የሚሠራው ዓይነት ከ23 እስከ 90 ቀን። ከድድ በሚወሰድ ፈሳሽ የሚሠራው የራስ መመርመሪያም አንቲቦዲ ነው የሚያየው፤ በዚያ ላይ በድድ ፈሳሽ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ከደሙ ያነሰ ነው።

ይህ ጊዜ ዊንዶው ፔሬድ ይባላል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ቫይረሱ እንደልቡ ከሚራባባቸው ሰዎች ነው። መድኃኒት ደሙ ውስጥ ላለ ሰው አልተሰፉም።

መድኃኒት ባለበት ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ ከገባ ምን ይሆናል? የተዳፈነ እሳትን አስቡ። ፍሙ አለ፤ ጭሱ ግን ከሩቅ አይታይም። መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ አፍኖ ይይዘዋል። ቫይረሱ ካልተራባ አርኤንኤው ከመለኪያው በታች ይሆናል። ፒ24ም አይታይም። ሰውነትም የሚያየው ቫይረስ ጥቂት ስለሆነ አንቲቦዲ የሚያመርተው ዘግይቶ ነው፤ መጠኑም ያንሳል። አንዳንዴ አንቲቦዲው ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለት፣ ሽፍታ፣ የዕጢ እብጠት የመሳሰሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ምልክቶችም ላይኖሩ ይችላሉ።

በክኒኑ ይህ የሚሆነው በመጠኑ ነው። ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው መጀመሪያውኑ የመያዝ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የሚያዙት አብዛኞቹ መውሰድ ያቋረጡ ወይም እየዘለሉ የሚወስዱ ናቸው። መድኃኒቱ ከደማቸው ስለወጣ ቫይረሱ እንደተለመደው ይራባል፣ ምርመራውም እንደተለመደው ያገኘዋል። አስቸጋሪው መሃል ላይ ያለው ሰው ነው። አንድ ሳምንት ይወስዳል፣ አንድ ሳምንት ይዘላል። መድኃኒቱ ቫይረሱን ለመከልከል አይበቃም፣ ለማደብዘዝ ግን ይበቃል።

በመርፌው ነገሩ ይጠነክራል። ካቦቴግራቪር ከክኒኑ ጋር የተወዳደረበት ትልቅ ጥናት ነበር። ከ4,500 በላይ ከወንዶች ጋር ወሲብ የሚፈጽሙ ወንዶችና ትራንስጀንደር ሴቶች ተሳትፈውበታል፤ ከአሜሪካ እስከ ብራዚል፣ ደቡብ አፍሪካና ታይላንድ። መርፌው ከክኒኑ በግልጽ በልጦ ወጣ። ጥቂት ሰዎች ግን መርፌው እያለ ተያዙ። ከእነሱ አንዳንዶቹ መርፌያቸውን በሰዓቱ የተወጉ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የተቀመጠውን ደም ወደ ኋላ ተመልሰው በረቀቁ ዘዴዎች ሲመረምሩት፣ ቫይረሱ በምርምር ጣቢያው ምርመራ ከመገኘቱ ከወራት በፊት እዚያው እንደነበረ አዩ። አንዱ ምርመራ ፖዘቲቭ፣ የሚቀጥለው ኔጌቲቭ። ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ አንዴ ትንሽ ይታያል፣ አንዴ አይታይም። ይህንን ሁኔታ ሌቪ ብለው ሰየሙት፤ ረጅም ጊዜ በሚቆይ መድኃኒት ምክንያት ገና ከጅምሩ የታፈነ ኢንፌክሽን ለማለት ነው።

ታዲያ ይህ ለምን ያስጨንቀናል? አንድ ሰው ጥቂት ወር ዘግይቶ ቢታወቅ ምን ይሆናል? ጉዳቱ ያለው መድኃኒቱን የሚቋቋም ቫይረስ መፈጠሩ ላይ ነው። ሙሉ ሕክምና ብዙውን ጊዜ ሦስት መድኃኒት ነው። ፕሬፕ ሁለት ነው፤ መርፌው ደግሞ አንድ። ቫይረሱ ያለበት ሰው በዚህ ብቻ ሲቆይ ቫይረሱ መላመድ ይጀምራል። ኤምትሪሲታቢን ሲሆን የታወቀችው የቫይረሱ የዘረመል ለውጥ ኤም184ቪ ትባላለች። በብዛት የታየችውም ቀድሞ ተይዘው፣ ዊንዶው ፔሬድ ውስጥ ሳሉ ፕሬፕ በጀመሩ ሰዎች ላይ ነው። ካቦቴግራቪር ደግሞ የዶሉቴግራቪር የቅርብ ዘመድ ነው። ዶሉቴግራቪር ደግሞ ዛሬ ሀገራችን ውስጥ ሕክምና የሚጀምር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወስደው መድኃኒት ነው። የአንዱ መቋቋም ለሌላው ይተርፋል። ሕክምናችን የቆመበትን ምሰሶ ነው የሚነካው።

እንግዲህ እዚህ ላይ "ስለዚህ ፕሬፕ የሚወስድን ሁሉ በአርኤንኤ እንመርምረው!" ማለት ያምረናል። የአሜሪካ መመሪያዎች ለመርፌ ተጠቃሚዎች መጀመሪያ ይህንኑ ነበር ያሉት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ መመርመሪያ ቫይረሱ ከሌለባቸው 1,000 ሰዎች 995ቱን በትክክል ኔጌቲቭ ይላል እንበል። አምስቱን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ጥሩ መመርመሪያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለፈጣን መመርመሪያዎች ካስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ይበልጣል። ይህንን መመርመሪያ ቫይረሱ በብዛት ወዳለበት ቦታ እንውሰደው። ከ1,000 ሰዎች 100 ቫይረሱ አለባቸው። መመርመሪያው 100ውን ያገኛል፤ ከቀሩት 900 ደግሞ አራት ወይም አምስት ሰው በስህተት ይጨምራል። ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እውነት አለበት።

አሁን ደግሞ ፕሬፕን በደንብ የሚወስዱ 1,000 ሰዎች ጋ እንምጣ። ከእነሱ አንድ ሰው ተይዟል ብንል እንኳ አብዝተናል። መመርመሪያው ያንን አንድ ሰው ያገኛል። አምስት ደግሞ በስህተት ይጨምራል። ስድስት ሰው ፖዘቲቭ ተባለ፤ እውነቱ አንዱ ጋ ብቻ ነው። መመርመሪያው፣ ኪቱ፣ ያው ኪት ነው። ያነበበው ባለሙያም ያው ነው። የተለወጡት ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው። ያን 2,134 ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ማንም ባልተያዘበት ቡድን ውስጥ ፖዘቲቭ የሚል ውጤት ሁሉ ስህተት ነው።

የአርኤንኤ ምርመራም ከዚህ አያመልጥም። እጅግ ጥቂት ቫይረስ እንዲያገኝ የተሠራ ስለሆነ ከጎረቤት ናሙና ትንሽ ብክለት ቢገባ ያንንም ያገኘዋል። መርፌያቸውን በሰዓቱ ከሚወስዱ ሰዎች መካከል አንቲቦዲያቸው ኔጌቲቭ ሆኖ አርኤንኤ ብቻ ፖዘቲቭ ሲል፣ ሲጣራ አብዛኛው የውሸት ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 መርፌዎቹን ለማስጀመርም ሆነ ለመከታተል ፈጣን መመርመሪያዎች ይበቃሉ ያለው ይህንን ሁሉ አመዛዝኖ ነው። መርፌ የሚሰጠው አርኤንኤ ባለበት ሆስፒታል ብቻ ነው ብንል፣ ከጤና ጣቢያ አልፎ የማያውቀው ሰው መድኃኒቱን ጭራሽ አያገኘውም። መከላከያ ሳያገኝ የሚያዘው ሰው ደግሞ ዘግይቶ ከሚታወቀው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእኔ ግምት ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

በነገራችን ላይ ሦስት ኪት የምንጠቀመውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሦስት የተለያዩ መመርመሪያዎች ተከታትለው ሪአክቲቭ ካልሆኑ፣ ማለትም የቫይረሱን ምልክት ካላሳዩ በስተቀር ሰው ፖዘቲቭ አይባልም ብሏል። ቫይረሱ እየቀነሰ ሲሄድ በሁለት ኪት ማረጋገጥ አይበቃም። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሰዎች 0.9 በመቶ ነበር። ቀድሞ ሁለት ኪት ሲለያዩ ሦስተኛው እንደ ዳኛ ይፈርድ ነበር። ያ አሠራር ለብዙ የውሸት ፖዘቲቭ በር ይከፍታል ተብሎ ቀርቷል። ኪቶቹ ከተለያየ አምራች እንዲሆኑ የሚደረገውም አንዱን ያሳሳተው ነገር ሌላውንም እንዳያሳስተው ነው።

የውሸት ፖዘቲቭ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከሰውየው ነው። የራስን ሰውነት የሚያጠቃ የመከላከል ሥርዓት ችግር፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ አንዳንድ ጥገኛ ተውሳኮች። ብዙ ጊዜ ግን ከእኛ ነው። የስም መቀያየር። ጊዜው ያለፈበት ኪት። ሻይ ሊጠጡ ወጥቶ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ተመልሶ ማንበብ። ኪቱ በመመሪያው በተባለው ደቂቃ ነው የሚነበበው። በዚያ ደቂቃ ውስጥ ከታየች ደብዘዝ ያለች መስመርም መስመር ናት፤ "ይቺ እንኳን ምንም አይደለችም" ብሎ ማለፍ የለም። ካለፈ በኋላ የመጣች መስመር ግን አትቆጠርም። የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልወጣች ውጤት የለም፤ እንደገና ይሠራል።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። ሁለት ሰዎች እንውሰድ፤ ሁለቱም ለምሳሌ የፈጠርኳቸው ናቸው።

የመጀመሪያዋ ባለቤቷ ቫይረሱ ያለበት ሴት ናት። ክኒኗን አታስታጉልም። ባለቤቷ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ቫይራል ሎዱ ከመለኪያ በታች ከሆነ ዓመት አልፎታል። ለሦስት ወሩ ክትትል መጣች። የመጀመሪያው ኪት ደብዘዝ ያለ መስመር አሳየ። ሁለተኛው ኔጌቲቭ። የመጀመሪያው ሲደገም አሁንም ደብዛዛ መስመር። ውጤቷ "ያልተወሰነ" ነው። ፖዘቲቭ አይደለችም። "ፖዘቲቭ ሳትሆኚ አትቀሪም" ብሎ መንገርም አይገባም። በ14 ቀን ተመልሳ ትመረመራለች።

በነዚያ 14 ቀናት ክኒኑን ታቁም ወይስ ትቀጥል? ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ብታቆም፣ ቫይረሱ ካለ ራሱን ስለሚገልጥ ምርመራው ይጠራል። ግን ከሌለ ያለ መከላከያ እናስቀምጣታለን። ሄፓታይተስ ቢ ካለባት ደግሞ ቴኖፎቪርን በድንገት ማቆም ጉበቷን ሊያስቆጣው ይችላል፤ እኛ ሀገር ሄፓታይተስ ቢ ብርቅ አይደለም። የዚህች ሴት ታሪክ በጠቅላላ የሚናገረው አለመያዟን ነው። እኔ ብሆን ክኒኑን ትቀጥል እላለሁ። ለአርኤንኤ ናሙና መላክ ከተቻለ ዛሬውኑ ይላክ። ኮንዶም ይጨመር።

ሁለተኛው ወጣት ነው። ክኒኑን ከጀመረ ቆይቷል፤ ሲጠየቅ መጀመሪያ "እወስዳለሁ" አለ። ትንሽ ሲቆይ "አንዳንዴ ይረሳኛል" አለ። ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ወሩን ሙሉ እንዳልወሰደ ነገረን። በመሃል ትኩሳትና የጉሮሮ ቁስለት ነበረው፤ ጉንፋን መስሎት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጓል። ሁለት ኪት ሪአክቲቭ፣ ሦስተኛው ኔጌቲቭ። ወረቀቱ ላይ ይህም "ያልተወሰነ" ነው፤ ልክ እንደ ሴትየዋ። ታሪኩ ግን ወደ ሌላ ያጋድላል። እዚህ ጋ በሁለት መድኃኒት ማቆየት አደገኛ ነው። የአርኤንኤ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ሙሉ ሕክምና ማስጀመር የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። "ከተወሰደ በኋላ" የምለው በምክንያት ነው። ሕክምናው ከጀመረ ምልክቶቹ የበለጠ ይደበዝዛሉ፤ ናሙና ሳንይዝ ካስጀመርን ልጁ ለዓመታት "ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም?" እያለ ሊኖር ይችላል።

አያችሁ? ሁለቱም ወረቀቶች አንድ ቃል ነው የያዙት። ልዩነቱን ያመጣው ጭውውቱ ነው። ልጁ እውነቱን የተናገረው በሦስተኛው መልሱ መሆኑንም ልብ በሉ። "መድኃኒትህን ትወስዳለህ?" ብለን ከጠየቅነው "አዎ" ነው መልሱ፤ እንዳንቆጣው ፈርቶ። "ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?" የሚለው ጥያቄ ይሻላል። የሚያመልጥ መሆኑን ቀድሞ ስለሚያውቅለት አያሳፍረውም።

የመርፌው ተጠቃሚ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። መርፌን ማቆም መድኃኒቱን ማቆም አይደለም። ካቦቴግራቪር ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እየቀነሰ ለወራት፣ በአንዳንድ ሰዎች ከዓመት በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ዋሽንግተን መርፌውን ስትወስድ ቆይታ ለክረምት አዲስ አበባ የመጣችና ቀጠሮዋ ያለፈባትን ሴት አስቡ። መጠኑ ለመከላከል እያነሰ ነው፤ ለማደብዘዝ ግን ገና ይበቃል። እዚህ ጣቷን ተወግታ ኔጌቲቭ ብትባል፣ መርማሪዋ ስለ መርፌው ካልሰማ፣ ያ ኔጌቲቭ ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ይታመናል። ስለዚህ መርፌ የምትወስዱ፣ የትም ስትመረመሩ የመጨረሻው መርፌ የተወጋችሁበትን ቀን ተናገሩ።

ራስን በድድ ፈሳሽ መመርመርን በተመለከተ አጭር ነኝ። ምርመራ ለማያውቅ ሰው ግሩም በር ከፋች ነው። ፕሬፕ ላይ ላለ ሰው የክትትል ምርመራ ምትክ እንዲሆን ግን፣ ጣት መወጋት ከተቻለ አልመርጠውም። አማራጭ ከሌለና ካለመመርመርና ከእሱ የሚመረጥ ከሆነ፣ እሱ ይሻላል።

ስለ ጀማሪዎችም አንድ ነገር። ፕሬፕ ከመጀመሩ በፊት ያለው ምርመራ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ደሙ ገና በመድኃኒት አልተዳፈነም። በዚያ ቀን ኔጌቲቭ መባል ብቻ አይበቃም። ባለፉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ፣ የዕጢ እብጠት ነበረ ወይ? ባለፉት 72 ሰዓታት ተጋልጦ ነበር ወይ? ተጋልጦ ከሆነ የሚያስፈልገው ለ28 ቀን የሚወሰደው የድኅረ ተጋላጭነት መድኃኒት ነው፤ ፕሬፕ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ከአንድ ወር በኋላ የሚደረገውን ምርመራም አትዝለሉት። መጀመሪያ ላይ በዊንዶው ፔሬድ ያመለጠን የምንይዘው እዚያ ነው።

አሁን ሰው የሚጎዳበትን ሌላ ቦታ ልንገራችሁ። ወረቀቱ ከጤና ጣቢያ ሲወጣ ነው። ሁለት እጮኛሞች ለጋብቻ የምርመራ ወረቀት አምጡ ይባላሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገራት ለሥራ የምትሄድ እህታችን ለቪዛ ትመረመራለች። ኤጀንሲው ወይም ሽማግሌው የሚያየው አንድ ቃል ነው። ያልተጣራች ደብዛዛ መስመር እዚያ ስትደርስ ሠርግ ታፈርሳለች፣ ጉዞ ታስቀራለች። ከ14 ቀን በኋላ "ስህተት ነበር" ቢባል ማን ይሰማል? ስለዚህ ያልተወሰነ ውጤት ማስረጃ ሆኖ አይወጣም። ሦስቱም ኪት ሪአክቲቭ ሆነው እንኳ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በአዲስ ናሙና፣ ቢቻል በሌላ ባለሙያ እጅ ይደገማል።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ ግን የተገላቢጦሽ የሆነ ነገር አለ። ቫይረሱ ያለባቸውና መድኃኒት የሚወስዱ ወገኖቻችን ከጸበል ወይም ከጸሎት ቦታ መልስ "እስቲ ልመርመር" ይላሉ። እምነቱን አልነካም። ምርመራውን ግን ልናገር። ቫይራል ሎድ "አይታይም" ማለት ቫይረሱ ሄዷል ማለት አይደለም፤ ታፍኗል ማለት ነው። ቫይረሱ እንደገባ ወዲያው ሕክምና የጀመረ ሰው በፈጣን ኪት ኔጌቲቭ የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱ እስካሁን ስናወራው የቆየነው ያው ማፈን ነው። ለዚህ ነው ሕክምና ላይ ያለን ሰው በፈጣን ኪት ደግመን የማንመረምረው። በዚያ ውጤት ተማምኖ መድኃኒት ያቆመ ሰው ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለስበታል።

ጥያቄዎች በወረቀት ደርሰውኛል። አብዛኞቹን በመሃል የመለስኳቸው ይመስለኛል። አንዷ ግን ቀርታለች። "ፕሬፕ እወስዳለሁ፣ ሁሌም ኔጌቲቭ ነኝ፤ ደም መለገስ እችላለሁ?"

ሐሳቧ ደግ ነው፤ ግን መድኃኒቱን እየወሰድሽ አትለግሺ። ደም ባንክ እያንዳንዱን ደም ይመረምራል። የሚመረምረው ግን ዛሬ ስናነሳቸው በዋልናቸው ዓይነት መመርመሪያዎች ነው፤ እነሱ ደግሞ መድኃኒት ባለበት ደም ሊታለሉ ይችላሉ። ለራስሽ ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን በ14 ቀን እንደግመዋለን። ደሙን ለተቀበለው ሰው ግን መድገም የለም። አሜሪካ ውስጥ በ2023 በወጣው መመሪያ ክኒን የሚወስድ ሰው ከመጨረሻው ክኒን በኋላ 3 ወር፣ መርፌ የሚወስድ ደግሞ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ 2 ዓመት ይጠብቃል። ለጋሾች ቅጽ ላይ ስለ መድኃኒት ሲጠየቅ የምትወስጂውን ጻፊ። ሰው እያየሽ ከሆነና ካልተመቸሽ "ዛሬ አልችልም" ብለሽ መመለስ ትችያለሽ፤ ምክንያቱን ማንም አይጠይቅሽም።